ለሞዴል አውሮፕላን ሞተር የትኛው ነዳጅ? ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው ከፍታ

ማርቆስ_ሰማይ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሞተሩ 7.5 ሲሲ (ባለ 46፣ ማለት 0.46 ኩቢክ ኢንች) ሁለት ስትሮክ ግሎው ነው፤ ኤቢሲ (አሉሚኒየም ፒስተን በክሮም በተለበጠ የናስ ሲሊንደር)፣ ማርሚታው የፋብሪካው፣ ፕሮፔለሩ 11 በ6 (ዲያሜትሩና ፒቹ በኢንች)፣ ታንኩ 300 ሚሊ ሊትር። የሚነሳው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ያለን ነዳጅ ሜታኖል ሆኖ ናይትሮው (ናይትሮሜታን) 5 በመቶ፣ ዘይቱ 18 በመቶ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ሲንቴቲክ ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ ደህና ይጮኻል። ሚኒሞ ላይ የካንዴላው ባትሪ ሲነቀል ግን ተንደፋድፎ ይጠፋል፤ ከሚኒሞ ድንገት ጋዝ ሲሰጠውም ይታነቃል።

ናይትሮው ይጨመር ወይስ ካንዴላው ይቀየር? ራሳችን ብንቀምም መጠኑ ስንት ስንት ይሁን? እዚህ የሚጨመቀው የጉሎ ዘይት ያገለግላል? ሜታኖል ሲጠፋ በስፒሪት ወይም በአረቄ መተካት ይቻላል? ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 20 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ታስቧልና ስለሱም የምታውቁትን ጨምሩልን።

ኩሽኔታ

ከከፍታው እንነሳ። ከሞተር ጋር የሚመጣ መመሪያ በአብዛኛው የተጻፈው ባሕር ወለል አካባቢ ለሚያበር ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800። የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ 1,013 ሄክቶፓስካል ከሆነ ባሕር ዳር ወደ 815፣ ማርቆስ ወደ 755 ይወርዳል። የቀትሩ ሙቀት ሲታከልበት፣ ሲሊንደሩ ማርቆስ ላይ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በክብደት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ዳር ከአራት አምስተኛ ትንሽ ያንሳል። ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ማንም ነዳጅ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ ከፊሉን ግን ይመልሳል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መርፌው (ነዳጁን የሚመጥነው የካርቡራቶር ብሎን) ሳይነካ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ነዳጅ በእኩል አይቀንስም፤ በስሌት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር እኛ ዘንድ ድብልቁ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወፍራል። ስለዚህ የፋብሪካው የመርፌ ልክ ለኛ ክፍት ነው፣ ይዘጋል።

ሁለተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ የእናንተም ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በግሎው ሞተር ውስጥ ብልጭታ የለም። እሳቱን የሚያስነሳው የካንዴላው ፕላቲነም ሽቦ ከሜታኖል ተን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሙቀት ከመጭመቂያው ግፊት ጋር ተዳምሮ ነው። የሚገባው አየር ግፊት በሩብ ሲቀንስ ፒስተኑ ጨምቆ የሚደርስበት ግፊትም በሩብ ይቀንሳል። እሳቱ ይዘገያል፣ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ሚኒሞ ላይም ባትሪው ሲነሳ ራሱን ማሞቅ ያቅተዋል። መፍትሔው ሞቃት ካንዴላ፣ ወይም ተጨማሪ ናይትሮ፣ ወይም ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ሥር አንድ ሮንዴላ (ስስ ቀለበት) አንስቶ መጭመቂያውን ከፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ፕሮፔለር ነው። በሳሳ አየር 11 በ6 የሚገፋው አየር ያንሳል። 12 በ4 ወይም 11 በ5 አድርጉት፤ ዲያሜትሩ ይጨምር፣ ፒቹ ይቀንስ።

ነዳጁ ለማርቆስ 15 በመቶ ናይትሮ ቢሆን እመርጣለሁ። ለባሕር ዳር 10 ይበቃል።

ጣና_ክንፍ

ወንድሜ ኩሽኔታ ያልከው ልክ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ናይትሮ ውድ ነው፣ በብዙ አገርም ቁጥጥር ያለበት ኬሚካል ነው። ሞተሩን ሳይመረምሩ ናይትሮ መጨመር ገንዘብ ማቃጠል ነው። መጀመሪያ የሚኒሞው መርፌ ይታይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይሙቅ፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ዋናው መርፌ ይስተካከል፤ ከዚያ ወደ ሚኒሞ ይውረድና 10 ሴኮንድ ይቆይ። አሁን ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ካርቡራቶሩ አጠገብ በጣት ቆንጥጡ። ፍጥነቱ ሳይጨምር ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፤ የሚኒሞው መርፌ ይከፈት። ዙሩ ጨምሮ ጨምሮ ከሦስት አራት ሴኮንድ በኋላ ከጠፋ ነዳጅ በዝቶበታል፤ በአንድ ስምንተኛ ዙር ይዘጋ። ቁንጥጫው ላይ ዙሩ ጥቂት ብቻ ጨምሮ ከጠፋ ልኩ እሱ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር በላይ አትንኩ፤ በየመካከሉም ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ የተጠራቀመውን አስወጡ። ይህ ካልተደረገ ፈተናው ይዋሻል።

ማርቆስ ላይ የፋብሪካው ሚኒሞ ሁልጊዜ ወፍራም ነው። ካንዴላውን የሚያቀዘቅዘውም ራሱ የበዛው ነዳጅ ነው። ይህ ተስተካክሎ ካልቆመ ካንዴላው ይቀየር። የኦ.ኤስ. (የጃፓኑ ሞተር አምራች) ቁጥር 8 ከተገጠመ ለአራት ስትሮክ የሚሠራው ኤፍ ይሞከር፤ ሞቃት ስለሆነ በከፍታ ሁለት ስትሮክ ላይም ሚኒሞውን ይይዛል። ናይትሮ ሦስተኛ ነው።

ኩሽኔታ

ቅደም ተከተሉን ተቀብያለሁ፤ መርፌ፣ ካንዴላ፣ ከዚያ ነዳጅ። አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ብዙ ሰው ናይትሮን ለኃይል ብቻ ያስበዋል። በከፍታ ላይ ትልቁ ጥቅሙ የመርፌውን ክልል ማስፋቱ ነው። ናይትሮሜታን የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ አንድ ግራም ለመቃጠል 1.7 ግራም አየር ይበቃዋል፤ ሜታኖል 6.5 ይፈልጋል። በ5 በመቶ ናይትሮ ሁለት ጠቅታ መርፌ ልዩነት ሞተሩን ሲያጠፋው፣ በ15 በመቶ ያው ልዩነት እምብዛም አይሰማም። አዲስ አብራሪ ያለበት ቡድን ይህን ይፈልገዋል።

ናይትሮ ሲጨመር መርፌው ይከፈት፤ የአየርና የነዳጅ መጠኑ ተቀይሯልና። አሮጌውን ልክ ይዞ ማስነሳት ሞተሩን ያቃጥላል።

ሮንዴላ ለሚያነሱ፦ ከማንሳት በፊት ክፍተቱን ለኩ። ለስላሳ የስታኞ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ አድርሱ፤ ፕሮፔለሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩና የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ለ7.5 ሲሲ 0.4 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ድረስ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ በታች አትሂዱ፤ ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ሲሞቅና ሲሳብ ፒስተኑ ቴስታታውን ይነካል።

ቀማሚ_ዘቡሬ

ስለ ቅመማው እኔ ልጻፍ። መጀመሪያ ግን አረቄና ስፒሪት የተባለውን መዝጋት አለብን።

አይሆንም። አረቄ ኢታኖልና ውሃ ነው፤ ደጋግሞ የወጣውም ቢሆን ውሃው ብዙ ነው። የፋርማሲው አልኮል 70 በመቶ ኢታኖል ነው፣ ቀሪው ውሃ። የምድጃው ስፒሪትም መሠረቱ ኢታኖል ነው። ግሎው ካንዴላ የተሠራው ሜታኖል ከፕላቲነም ጋር ለሚያደርገው ግንኙነት ነው፤ ኢታኖል ያንን ሥራ በበቂ አይሠራም። ውሃው ደግሞ እሳቱን ያቀዘቅዛል፣ ኩሽኔታውንም ያዝጋል።

ከዚህ የሚብሰው የተገላቢጦሹ አደጋ ነው። ሜታኖል ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ሽታውም ለአረቄ የሚቀርብ ነው። ጎጃም ውስጥ አረቄ በየቤቱ በጠርሙስና በሃይላንድ ይቀመጣል። ከሜታኖል አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ መጠን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ከዚያ ብዙም ያልበለጠ ይገድላል። መጀመሪያ እንደ ተራ ስካር ሆኖ ያልፋል፤ የዓይን መደብዘዙና የትንፋሽ መፍጠኑ የሚመጣው ሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ስለዚህ ሜታኖል በመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ አይገባም፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ለውሃም ለመጠጥም የማይውል ጀሪካን፣ በትልቁ «መርዝ፣ ሜታኖል» የተጻፈበት፣ ተቆልፎ። ሰማያዊ ቀለም ማድረግም ጥሩ ነው፤ በታንኩ ውስጥ የቀረውን ያሳያል፣ ከአረቄም ይለየዋል። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሐኪሙም «ሜታኖል» የሚለውን ስም ይስማ፤ መድኃኒት አለው፣ ጊዜ ግን የለውም።

በቆዳም ይገባል፤ ጓንት አድርጉ፣ ደጅ ቀምሙ። እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም፤ አንድ ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ እጁን ሲያራግፍ ካያችሁ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሜታኖል ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ በብዙ ውሃ ይጠፋል። አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይቁም።

አሁን ወደ ንጽሕናው። የሚገዛው ሜታኖል 99.8 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው በቀላሉ ይፈትነዋል፦ 100 ሚሊ ሊትር በመለኪያ ጠርሙስ በ20 ዲግሪ ሙቀት 79.1 ግራም ይመዝናል። 79.7 ካለፈ ውስጡ 2 በመቶ ገደማ ውሃ አለ፤ ለቅመማ አትጠቀሙበት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ ንጹሑ ራሱ 78.7 ግራም ስለሚሆን የቴርሞሜትሩን ንባብ አትርሱ።

ለ7.5 ሲሲው፣ ለማርቆስ፣ 4 ሊትር ቅመም፦ ሜታኖል 2,600 ሚሊ፣ ናይትሮሜታን 600፣ ሲንቴቲክ ዘይት 560፣ የጉሎ ዘይት 240። ይህ 65፣ 15፣ 14 እና 6 በመቶ ነው። ሁሉም በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም፤ አንድ ሰው በሚዛን ሌላው በሲሊንደር ከለካ ቅመሙ ይዛባል፣ ናይትሮ በሊትር 1.14 ኪሎ ሲመዝን ሜታኖል 0.79 ነውና። መጀመሪያ ሜታኖሉ ይግባ፤ ዘይቱ ተጨምሮ እስኪሟሟ ይናጥ፤ ናይትሮው መጨረሻ። ወደ ናይትሮው ከነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላ ምንም ኬሚካል አይጨመር፣ ማጽጃም ሆነ ማሟሟያ፤ አደገኛ ነው።

በእጅ ያለውን ማሻሻልም ይቻላል። የናንተ አንድ ሊትር 50 ሚሊ ናይትሮና 180 ሚሊ ዘይት አለው። 60 ሚሊ ናይትሮና 40 ሚሊ የጉሎ ዘይት ጨምሩበት፤ 1,100 ሚሊ ይወጣል፤ ናይትሮው 10 በመቶ፣ ዘይቱ 20 በመቶ ይሆናል። ለባሕር ዳር ይህ ይበቃል።

ናይትሮ ፈጽሞ ካልተገኘ 80 ሜታኖል፣ 20 ዘይት ይሠራል። የዓለም አቀፉ ውድድር አንዳንድ ዘርፍ የሚበረው ያለ ናይትሮ በ80 ለ20 ነው። ግን መጭመቂያው ከፍ ማለት አለበት፣ ካንዴላውም ሞቃት። ሚኒሞውም ትንሽ ከፍ ብሎ ይኑር።

ዳሞት_አየር

ሙሉ ሲንቴቲክ 18 በመቶ ሲበቃ ጉሎ ለምን ይጨመራል? ጉሎ ማርሚታውን ያጠቁራል፣ ፒስተኑ ላይ ቫርኒሽ ይሠራል። ካርቦኑን የሚፍቀው ባለቤቱ ነው።

ቀማሚ_ዘቡሬ

ያጠቁራል፣ እውነት ነው። ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። መርፌው ከልክ በላይ ተዘግቶ ድብልቁ ሲቀጥንና ሞተሩ ሲግል ሲንቴቲኩ ተንኖ ይቃጠላልና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። የጉሎ ዘይት በዚያ ሙቀት ይወፍርና ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ሞተሩ ይዳከማል እንጂ አይነክስም (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ አይጣበቅም)። እኛ ዘንድ ሰው ከማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ መርፌውን ካልከፈተ ይቀጥንበታል። 3 በመቶ ዝቅተኛው ነው፤ 6 ለጥንቃቄ። አሮጌ፣ ፒስተኑ ብረት ሆኖ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሌለው ሞተር ያለው ሰው ደግሞ ዘይቱ በሙሉ ጉሎ፣ ከ20 በመቶም የማያንስ ይሁን። እነዚያ ሞተሮች የተሠሩት ለሱ ነው።

ማርቆስ_ሰማይ

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልን። ታዲያ ከገበያ የሚገኘው ጉሎ? የፋርማሲው በትንሽ ጠርሙስ ስለሆነ ለ4 ሊትር ብዙ ጠርሙስ ይጠይቃል።

ቀማሚ_ዘቡሬ

የፋርማሲው ከሁሉ ይሻላል፣ ንጹሕ ነውና። ከሰፈር የሚገኘው አብዛኛው ፍሬው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተፈልቶ የወጣ ነው። ጠቁሮ ይታያል፤ ውስጡ ውሃና ሙጫ አለ። ሙጫው ካርቡራቶሩን ይደፍናል፣ ሲቃጠልም ካንዴላውን ይሸፍናል። ሳይቆላ በመጭመቂያ ብቻ በቀዝቃዛው የተጨመቀ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ጭማቂ ይወሰድ፤ በረጅም ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ይዝቀጥ፤ ላይኛው በጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ይጥለል።

ከዚያ ፈተናው፦ በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ 20 ሚሊ የጉሎ ዘይት፣ 80 ሚሊ ሜታኖል። ናጡና ለአንድ ቀን አቁሙ። እንደተጣራ ጠጅ ጥርት ብሎ አንድ ከሆነ አልፏል። ደመና ከሠራ ውሃ ወይም ሙጫ አለ። ሥር ላይ ሌላ ንጣፍ ከተኛ ዘይቱ በኑግ ወይም በሱፍ ተደባልቋል፤ እነዚያ ዘይቶች ሜታኖል ውስጥ አይሟሙም። ጉሎ የሚሟማው በተፈጥሮው ከአልኮል ጋር የሚግባባ ሞለኪውል ስላለው ነው። ይህ ፈተና የመኪና ዘይትን፣ የሰንሰለት መጋዝ ዘይትንም ያጋልጣል፤ እነሱም አይሟሙም። የሲንቴቲኩ ጣሳ ላይ «ለሜታኖል» የሚል ከሌለ በዚሁ መንገድ ፈትኑት።

ፋጉሎው ግን ለከብት እንዳይሰጥ። የጉሎ ፍሬ መርዝ ዘይቱ ውስጥ አይገባም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል።

ጮቄ_ንፋስ

አነስተኛ ዲዝል ሞተር (መጭመቂያው በእጅ ብሎን የሚስተካከለው) ላላቸው አንድ ቃል። ነዳጁ ሲሶ ነጭ ጋዝ፣ ሲሶ ኤተር፣ ሲሶ የጉሎ ዘይት ነው። ካንዴላም ባትሪም አይፈልግም፤ ለከፍታም ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ በዚህ ረገድ ለደጋ የተፈጠረ ነው። ችግሩ ኤተሩ ነው። ባሕር ወለል ላይ በ34.6 ዲግሪ የሚፈላው ኤተር በባሕር ዳር ግፊት በ28 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የባሕር ዳር ቀትር ያንን ያልፋል። ስለዚህ ነዳጁ ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ኤተሩ ያመልጣል፤ የጠዋቱ ቅመም ከሰዓት አይነሳም። በጥላ፣ በትንሽ በትንሽ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ተሞልቶ፣ በጠባብ ክዳን ይያዝ። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ እሳት ይፈልጋል፤ ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይኑር። የቆየ ኤተር ፈንጂ ነገር ሊሠራ ስለሚችል ተከፍቶ ወራት የቆየ ጠርሙስ አይነካ።

ዳሞት_አየር

ቤንዚኑን እኔ ልያዝ። 20 ሲሲው ብልህ ምርጫ ነው፤ ነዳጁ ከማደያ ይገኛል፣ ናይትሮም ሜታኖልም መፈለግ ይቀራል። ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ስለሚያስፈልግ የሚጠጣው በክብደት ከሜታኖሉ ግማሽ አይሞላም። እሳቱም በብልጭታ ስለሆነ ሚኒሞው በከፍታ አይጠፋም። ኃይሉ ግን ያው ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ 16 በ8 ከተባለ 17 በ6 ግጠሙ።

የዘይቱ መጠን፦ እስኪለማመድ በ30 ለ1፣ ማለት ለአንድ ሊትር 33 ሚሊ፤ ከዚያ 40 ለ1፣ ማለት 25 ሚሊ። ለ5 ሊትር ጀሪካን 167 እና 125 ሚሊ ነው። የሕክምና ሲሪንጅ ለዚህ ይበቃል። ዘይቱ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሁለት ስትሮክ የተሠራ፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤፍዲ የሚል ይሁን። ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ያላቸው የሚጠቀሙት ቲሲ-ደብሊው 3 የሚባለው ዘይት የተሠራው በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ በኛ ሙቀት ፋሻውን ያጣብቃል። የአራት ስትሮክ መኪና ዘይትም አይሆንም፤ አመዱ የካንዴላውን ብልጭታ ያጠፋል።

ቤንዚኑ ከማደያ ይቀዳ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ደቂቃዎች ውስጥ ሙልጭ ብሎ ይደርቃል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታማ ክብ ይተዋል። ነጭ ጋዝ የገባበትን ሞተር ማስነሣቱ ይከብዳል፣ ሲሞቅም ይነክሳል። ኢታኖል ያለበት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በመለኪያ ሲሊንደር 90 ሚሊ ቤንዚንና 10 ሚሊ ውሃ ናጡ፤ ከታች ያለው ውሃ ከ10 ሚሊ በላይ ከሆነ ኢታኖሉ ወደ ውሃው ወርዷል። ትንሽ ኢታኖል አይገድልም፤ ዲያፍራሙን (የካርቡራቶሩን ስስ ሽፋን) ግን ያጠነክራል፣ ስለዚህ በታንክ አታሳድሩት።

ካርቡራቶሩ ሁለት መርፌ አለው። ሁለቱንም ከ1 ዙር ተኩል ጀምሩና፣ ማርቆስ ላይ የከፍተኛ ዙሩን መርፌ በአንድ ስምንተኛ ዙር እየዘጋችሁ ሂዱ። ዙሩ ጫፍ ሲደርስ ትንሽ መልሱት። ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ መልሳችሁ ክፈቱ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ የግሎው ሲሊኮን ቱቦ ለቤንዚን አይሆንም፤ ያብጥና ከመግጠሚያው ይወልቃል። ታይጎን የሚባለው ቢጫ ቱቦ ይገዛ። የታንኩ ቡሽም ለቤንዚን የተሠራ ይሁን፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ዕቃ አይዋዋስ።

ጣና_ክንፍ

ስለ መውረድ ሁላችሁም ነካክታችሁታል፤ መጠኑን ልጨምር። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የአየሩ ክብደት በ6 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለግሎው መርፌ ይህ ሁለት ሦስት ጠቅታ መክፈት ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ደጀንን አልፎ ድልድዩ አካባቢ 1,000 ሜትር ገደማ ለሚወርድ ሰው እጥፉን ይክፈት። የሚቀጥን ሞተር እንዲህ ይታወቃል፦ አፍንጫው ወደ ላይ ሲነሳ ድምፁ ይላላል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ጢስ ይጠፋል፤ መጥበሻ ላይ እንደሚንጣጣ ድምፅ ይሰማል፤ ካንዴላው ሲፈታ ሽቦው ተጠምዝዞ ወይም ተበጥሶ ይገኛል። መሬት ላይ ሁልጊዜ ከከፍተኛው ዙር 300 እስከ 500 ወደ ወፍራሙ ይመለስ። አየር ላይ ስትሆን ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ ራሱ ይቀጥናልና።

የማብረሪያ ፈቃድና ቦታ ነገር እዚህ ክር ላይ አይጀመር። ከአየር ማረፊያ መራቅና አስቀድሞ ማስፈቀድ ግን ግዴታ ነው።

ማርቆስ_ሰማይ

የሚኒሞው መርፌ በአንድ ስምንተኛ ተዘግቶ፣ ከዚያ በሌላ አንድ ስምንተኛ፣ በኤፍ ካንዴላ ባትሪው ሲነቀል ይቆማል። ጋዝ ሲሰጠው ያለው መታነቅ ግን ጥቂት ቀርቷል። ሌላው ጥያቄ ክረምት ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ነዳጁ ሲቀመጥ ይበላሻል?

ኩሽኔታ

የቀረችውን መታነቅ የሚፈታው ናይትሮ ነው። አሁን የቀማሚን 10 በመቶ ሞክሩ፤ ዋናውን መርፌ ሁለት ጠቅታ ከፍታችሁ ጀምሩ።

ክረምት ላይ ሜታኖል ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ግማሽ የደረሰ ጀሪካን የቀረው ግማሹ እርጥብ አየር ነው፤ ሲቀንስ ወደ ትንሽ ዕቃ አዛውሩት። ክዳኑ ይጥበቅ፣ ፀሐይ አይንካው፤ ናይትሮ በብርሃን ይበላሻል። ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥበት ቦታ ይቀመጥ፣ ጀሪካኑ እንዳይተነፍስ። የከረመውን ነዳጅ ከመጠቀም በፊት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ደመና ካለው ውሃ ገብቷል። እንዲህ ያለ ነዳጅ ሚኒሞውን ያዋልላል፣ የኋላውንም ኩሽኔታ ያዝጋል። አታድኑት፣ አስወግዱት።

ጮቄ_ንፋስ

0.8 ሲሲ ትንንሾቹ ሞተሮች ተረስተዋል። ለነሱ ናይትሮው ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ዘይቱ ከ20 በመቶ የማያንስ፣ ግማሹ ጉሎ። እንጅባራና ጮቄ አካባቢ ከ2,500 ሜትር በላይ ከዚያ ያነሰ ናይትሮ ይዘው አይነሱም ማለት ይቻላል። የሚጠጡት ጥቂት ስለሆነ ወጪው አይከብድም።

ማርቆስ_ሰማይ

የመጨረሻ ጥያቄ። ቀኑ ሲያልቅ ሞተሩ ውስጥ ለሚቀረው ነዳጅ ምን ይደረግ?

ኩሽኔታ

ታንኩ ይፈስስ። ሞተሩ እንደገና ይነሳና ከታንኩ ቱቦ ተነቅሎ ደርቆ ይጥፋ፤ ካንዴላውን አብሩና ሁለት ሦስቴ ሞክሩት፣ ማስነሳቱ እስኪያቆም። ናይትሮ ሲቃጠል የሚተወው አሲድ ኩሽኔታ ያዝጋል፤ ጉሎ ብቻውን አይከላከልም። ከዚያ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አምስት ጠብታ፣ በካርቡራቶሩ አምስት ጠብታ ቀጭን ማሽን ዘይት ጨምሩ፤ ሞተሩን አፍንጫውን ወደ ታች ወደ ላይ እያዘነበላችሁ ፕሮፔለሩን አሥር ጊዜ በእጅ አዙሩ። ካንዴላው ይመለስ። ኤቢሲ ስለሆነ ፒስተኑን ላይ አታቁሙት፤ ሲሊንደሩ ወደ ላይ የጠበበ ነውና ሲቀዘቅዝ ይይዘዋል። ማርሚታው መውጫ በጨርቅ ይደፈንና ፒስተኑ ታች ላይ ሆኖ ይደር።